ማዞሪያውን ከመንካታችሁ በፊት በቃል ተናገሩት፦ የሲንተሳይዘር ድምፅ አሠራርን በማሠልጠኛ ሶፍትዌር መማር

11 ዓመት ኪቦርድ ስጫወት የራሴ የምለው አንድም ድምፅ አልነበረኝም። ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የመጣ ድምፅ) እየቀያየርኩ ነበር የምሠራው። አንድ ቀን ስቱዲዮ ውስጥ አንዲት ድምፃዊት «ታፍኖ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚከፈት፣ ከውስጡ ደግሞ የሚወዛወዝ ነገር» ጠየቀችኝ። ምን እንደፈለገች ወዲያው ገባኝ፤ እንዲያውም ድምፁ ጭንቅላቴ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። እጄ ግን የሚያደርገውን አጣ። ከፕሪሴት ወደ ፕሪሴት ስዘል 40 ደቂቃ አለቀ፤ በመጨረሻ በቅርብ የሚመስለውን መርጠን ቀረጻው ቀጠለ።

ማታ ቤት ገብቼ ሳስበው የጎደለኝ መሣሪያ እንዳልነበረ ተረዳሁ። የጠየቀችው ድምፅ ሦስት ነገሮች ብቻ ነበሩ፦ ተዘግቶ የሚጀምር ፊልተር (ከድምፁ የተወሰነውን የሚቀንስ ክፍል)፣ አታኩ (የመነሻ ጊዜው) ረዘም ያለ የፊልተር ኢንቨሎፕ (ፊልተሩ በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚወስን)፣ በትንሹ የተዛነፉ ሁለት ኦሲሌተሮች (ሞገዱን የሚያመነጩ ክፍሎች)። ሦስቱንም በየፊናቸው አውቃቸው ነበር። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚባለው ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም የእኔን ጆሮ በትክክል ይገልጸዋል፤ የሰማውን ለእጄ አይነግርም ነበር።

ጆሮዬንና እጄን ያስታረቀልኝ ማሠልጠኛ ሶፍትዌር ነው። እንዴት እንደተጠቀምኩበት፣ የት የት እንደተሳሳትኩ፣ አሁን ከዜሮ ብጀምር ምን እንደማደርግ እጽፍላችኋለሁ።

ሁለት ዓይነት ማሠልጠኛ

የተጠቀምኩባቸው ሁለት ናቸው። አንደኛው የሙዚቃ ሶፍትዌር ሠሪው ኤብልተን በነፃ ያቀረበው «ለርኒንግ ሲንትስ» ነው። ምንም ሳትጭኑ በብራውዘር ይከፈታል። ስክሪኑ ላይ ያለውን ነገር ስትጎትቱ ድምፁ አብሮ ይለወጣል፤ ኦሲሌተርን፣ ፊልተርን፣ ኢንቨሎፕን፣ ኤልኤፍኦን (ሌሎች ማዞሪያዎችን ቀስ ብሎ የሚያወዛውዝ ሞገድ) በየተራ ያሳያችኋል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉንም አንድ ላይ የምትሞክሩበት ቦታ አለው። ሲንተሳይዘር ነክቶ ለማያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላየሁም። ሁለት ወይም ሦስት ምሽት ይበቃዋል። ችግሩ አይፈትናችሁም።

ሁለተኛው ሲንቶሪያል ነው። አጭር ቪዲዮ አንድ ማዞሪያ ያስተዋውቃችኋል። ቀጥሎ ሶፍትዌሩ አቀማመጡ የተደበቀ ድምፅ ያሰማችኋል፤ እናንተ በውስጡ ባለው ሲንተሳይዘር ያንኑ ድምፅ መልሳችሁ ትሠራላችሁ። ስትጨርሱ የትኛውን እንዳገኛችሁ፣ የትኛውን እንደሳታችሁ ያሳያችኋል። ትምህርቶቹ ወደ 200 ይጠጋሉ። መጀመሪያ ላይ የምታዩት ማዞሪያ ጥቂት ነው፤ እየገፋችሁ ስትሄዱ ይጨመራል። ይህ አካሄድ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሙሉ ሲንተሳይዘር ፊታችሁ ሲደረደር ከየት እንደሚጀመር ግራ ያጋባልና። ሶፍትዌሩ የሚከፈልበት ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ትምህርቶች ግን በነፃ መሞከር ይቻላል።

የሚያሠለጥነው መደበቁ ነው። ቪዲዮ ብቻ ስናይ የሚማረው ዓይናችን ነው፤ ሰውዬው ካትኦፉን (ፊልተሩ መቁረጥ የሚጀምርበትን ቦታ) ሲያዞር እያየን «አዎ፣ ይሰማኛል» እንላለን። ያንኑ ድምፅ ሳናይ ስንሰማው ግን ካትኦፍ ይሁን ሌላ ነገር መለየት ያቅተናል። ሶፍትዌሩን መግዛት ካልቻላችሁ መደበቁን ራሳችሁ መፍጠር ትችላላችሁ። በነፃ በሚገኝ ሲንተሳይዘር አሥር ቀላል ድምፆች ሥሩ፤ ስማቸውን ቁጥር ብቻ አድርጋችሁ እያንዳንዱን ቅዱት፤ ከሳምንት በኋላ ቅጂውን እየሰማችሁ ከባዶ መልሳችሁ ሥሩት። ሳምንት ሲሞላው ያደረጋችሁትን ትረሱታላችሁ። ሲንተሳይዘር የሚሞክር ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ድምፅ እየተለዋወጣችሁ ተፈታተኑ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሄድፎን አድርጉ። የላፕቶፕ ስፒከር ዝቅተኛውን ድምፅ ስለማያወጣ ስለ ቤዝ ያላችሁ ፍርድ ሁሉ የተሳሳተ ይሆናል። ሁለተኛው የድምፅ መጠን ነው። ከፍ ብሎ የሚሰማ ነገር ብሩህና የተሻለ ይመስለናል፤ ስለዚህ የእናንተን ድምፅና የሶፍትዌሩን ስታነጻጽሩ መጠናቸው እኩል ይሁን። ሚዲ ኪቦርድ (ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ኪቦርድ) ካላችሁ ጥሩ ነው፤ ከሌላችሁ በኮምፒውተሩ ቁልፎች መጀመር ይቻላል። ማስታወሻ ደብተር ግን የግድ ነው፤ ምክንያቱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

በቃል መናገር

ሙሉውን ዘዴ በአንድ ዓረፍተ ነገር አሳጥሩት ብትሉኝ፣ ድምፁን ስሙ፣ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጉ፣ ውስጡ ያለውን በቃል ተናገሩ፣ ከዚያ ብቻ ማዞሪያ ንኩ እላለሁ።

ይህን ያገኘሁት ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ ላይ ድምፁን እንደሰማሁ ማዞሪያ አነሳ ነበር። ካትኦፍ ትንሽ፣ ሬዞናንስ ትንሽ፣ ዲኬይ ትንሽ፤ እስኪመስል ድረስ እየነካካሁ እደርስበታለሁ። ሶፍትዌሩ ትክክል ነው ይለኛል፣ እኔም ደስ ብሎኝ አልፋለሁ። ከአንድ ወር በላይ እንደዚህ ሄድኩ። ወደ ራሴ ሲንተሳይዘር ስመለስ ግን እንደ ድሮው ባዶ ነበርኩ። በመነካካት የሚደረስበት መልስ ጆሮን አያሠለጥንም፤ ጆሮ የሚሠለጥነው ሲፈርድና ፍርዱ ሲመረመር ነው። እንደገና ከመጀመሪያው ትምህርት ጀመርኩ፤ በዚህኛው ዙር ግን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ጮክ ብዬ «የሞገዱ ዓይነት ሶው ነው፣ ኦሲሌተሮቹ ሁለት ናቸው፣ ፊልተሩ መካከል ላይ ነው፣ ዲኬዩ አጭር ነው» እያልኩ።

ስትናገሩ ቅደም ተከተል ይኑራችሁ። እኔ የምጀምረው ከድምፁ የጊዜ ቅርጽ ነው፤ ለጆሮ የሚቀለው እሱ ነውና። ቁልፉን ስትነኩ ድምፁ ወዲያው ይመጣል ወይስ ያዘግማል? ይህ አታክ ነው። ቁልፉን ይዛችሁ ስትቆዩ ይወርዳል? ዲኬይ ነው። ወርዶ የሚቆምበት ከፍታ ሰስቴይን ነው፤ ከለቀቃችሁት በኋላ የሚቀረው ጅራት ሪሊዝ። ይህን በሁለት ምት መለየት ይቻላል፦ አንድ አጭር ንክኪ፣ አንድ ረጅም ይዞታ። ሁለቱን ሳታደርጉ ወደ ሌላ አትሂዱ።

ሞገዱን መለየት

ሳይን ሞገድ አንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ ነው፤ ፉጨት ይመስላል። ሶው ሁሉም ሃርሞኒኮች (የመሠረቱ ፍሪኩዌንሲ ብዜቶች) አሉት፤ መሠረቱ 100 ሄርዝ ከሆነ 200፣ 300፣ 400 እያለ ይቀጥላል፣ እያንዳንዱም ቁጥሩ በጨመረ ልክ ይደክማል፤ ሁለተኛው ግማሽ፣ ሦስተኛው ሲሶ። ለዚህ ነው ሶው ሻካራና ሙሉ የሚሆነው። ስኩዌር ጎዶሎ ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው ያሉት፦ 100፣ 300፣ 500። መካከሉ የተዘለለ ስለሆነ ባዶ ሸምበቆ ውስጥ እንደሚነፋ ነገር ይሰማል። ትራያንግልም ጎዶሎዎቹን ብቻ ይይዛል፤ ግን በጣም ፈጥነው ስለሚደክሙ ሦስተኛው የመሠረቱ አንድ ዘጠነኛ ብቻ ነው፣ ለሳይን ይቀርባል። የስኩዌሩ ስፋት ከ50 በመቶ ወደ 10 በመቶ ሲጠብ ደግሞ ድምፁ በአፍንጫ እንደሚናገር ሰው ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ ለሁሉም ሰው ይቀላል። የሚያስቸግረው ፊልተር ሲገባ ነው። ሶውም ስኩዌርም በተዘጋ ፊልተር ውስጥ ካለፉ መሠረቱ ብቻ ስለሚቀር አንድ ዓይነት ይሆናሉ። እኔ ሶው ነው ብዬ የሳትኳቸው ስኩዌሮች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ነበሩ። መፍትሔው ዝቅተኛ ኖታ መምታት ነው። ካትኦፉ 1000 ሄርዝ ላይ ቆሟል እንበል። 880 ሄርዝ የሆነውን ኖታ ስትመቱ ከካትኦፉ በታች ያለው መሠረቱ ብቻ ነው፤ ሞገዱን የሚነግራችሁ ነገር የለም ማለት ይቻላል። 55 ሄርዝ የሆነውን ስትመቱ ግን ሶው ከሆነ 18 ሃርሞኒኮች ከካትኦፉ በታች አሉ፤ ሙሉነቱ ወይም ባዶነቱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ይህ የሚሠራው ፊልተሩ ኖታውን ተከትሎ እንዲንቀሳቀስ ካልተደረገ ነው፤ ከተደረገ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ድምፁ እኩል ብሩህ ሆኖ ስለሚሰማ ራሱን ያጋልጣል።

ስለዚህ ሶፍትዌሩ ድምፅ ሲሰጣችሁ በተሰጠው ኖታ ብቻ አትርጉ። ዝቅ አድርጉት፣ ከፍ አድርጉት። ከሦስት ኦክታቭ የሚሰማ ድምፅ ከአንድ ኦክታቭ ይልቅ ብዙ ይናገራል።

የድምፅ ዲኬይ እና የፊልተር ዲኬይ

ሁለት ሳምንት የያዘኝ ቦታ ይህ ነው፤ ሌሎችንም ሲይዝ አይቻለሁ። «ቲውን» ብሎ የሚወርድ ድምፅ ትሰማላችሁ። የሚወርደው የድምፁ መጠን ነው ወይስ ፊልተሩ እየተዘጋ ነው?

ልዩነቱ ይህ ነው። መጠኑ ሲወርድ ከላይ ያሉትም ከታች ያሉትም ሃርሞኒኮች አብረው ይደክማሉ፤ ድምፁ ቀለሙን ሳይለቅ ይርቃል፣ መኪና እየራቀ እንደሚሄድ። ፊልተሩ ሲዘጋ ግን መጀመሪያ የሚጠፉት የላይኞቹ ናቸው፤ መሠረቱ ባለበት ይቆያል፣ ድምፁ እየጠቆረ ይሄዳል፣ በር እየተዘጋ እንደሚሄድ። ቁልፉን ይዛችሁ ቆዩና ጆሯችሁን ቤዙ ላይ ብቻ አድርጉ። ቤዙ ከቆየ ፊልተር ነው፤ ቤዙም ከሄደ መጠን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አሉ፤ ያኔ ማን ቀድሞ እንደሚጨርስ አዳምጡ።

ፊልተሩ መሆኑን ካወቃችሁ በኋላ ሌላ ግራ መጋባት ይመጣል፦ ካትኦፉ የት፣ የኢንቨሎፑ መጠን ስንት? ሁለቱ ማዞሪያዎች አንዱ የሌላውን ስህተት ይሸፍናል፤ አንዱን አሳንሳችሁ ሌላውን ብትጨምሩ በቅርብ የሚመስል ነገር ይወጣል። እኔ ለብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ምት እነሳ ነበር። ከመጨረሻው መነሳት ነው የሚሻለው። የፊልተር ኢንቨሎፑ ሰስቴይን ዜሮ ከሆነ፣ ዲኬዩ ሲያልቅ ፊልተሩ የሚያርፈው በትክክል ካትኦፉ ላይ ነው። ስለዚህ ኖታውን ያዙ፣ ድምፁ ጠቁሮ እስኪረጋ ጠብቁ፣ ያን ጥቁረት በካትኦፍ አግኙት። ከዚያ የምቱን መነሻ ብሩህነት በኢንቨሎፑ መጠን አግኙት። ከላይ ወደ ታች የሚወርድበትን ፍጥነት በመጨረሻ በዲኬይ። መጨረሻ፣ መጀመሪያ፣ ፍጥነት። ይህን ቅደም ተከተል ደብተሬ ላይ በትልቁ ጽፌ ከለጠፍኩ በኋላ የፊልተር ጥያቄ አስፈርቶኝ አያውቅም።

ሬዞናንስን በአጭሩ፦ ካትኦፉ ያለበትን ቦታ የሚያጎላ ነው፤ ፊልተሩ ሲንቀሳቀስ «ኡዋው» ብሎ አናባቢ የሚመስለው እሱ ነው። ፊልተሩ ካልተንቀሳቀሰ ሬዞናንስን በጆሮ መለካት ከባድ ስለሆነ በዚህ ላይ ብትስቱ አትጨነቁ።

የሚወዛወዘው ምንድን ነው?

ሁለት ኦሲሌተሮች ትንሽ ሲዛነፉ ድምፁ ይወዛወዛል። አንዱ 440፣ ሌላው 442 ሄርዝ ከሆነ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ኤልኤፍኦም ድምፁን ያወዛውዛል። እንዴት ይለያሉ?

አንድ ኦክታቭ ከፍ በሉ። ኦሲሌተሮቹ 880 እና 884 ስለሚሆኑ ውዝዋዜው በእጥፍ ይፈጥናል፤ በሴኮንድ አራት። ኤልኤፍኦው ግን ለብቻው ስለሚሄድ ፍጥነቱ አይለወጥም። ይህን ሙከራ ያገኘሁት ስቼ ስቼ ከተበሳጨሁ በኋላ ነው፤ አሁንም ቅጂ ስሰማ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ኖታ እየፈለግኩ እጠቀምበታለሁ። ኤልኤፍኦ መሆኑን ካወቃችሁ ምን እንደሚነካ መለየት ብዙ አያስቸግርም፦ ኖታው ከተንቀጠቀጠ ፒች ነው፤ መጠኑ ከተንቀጠቀጠ ቮልዩም ነው፤ ብሩህነቱ ከሆነ ፊልተር።

ደብተሩ

ለእያንዳንዱ ድምፅ ሁለት ዓምድ፦ «ያልኩት» እና «የነበረው»። ከሦስት ሳምንት በኋላ ገጾቹን ስገልጥ ስህተቶቼ የተበታተኑ እንዳልነበሩ አየሁ። አታክን ሁልጊዜ ከነበረው አስረዝም ነበር። የሁለተኛውን ኦሲሌተር ኦክታቭ ግማሽ ያህሉን ጊዜ እስት ነበር፤ በተለይ ከመጀመሪያው አንድ ኦክታቭ በላይ ሲሆን እንደ ብሩህነት ብቻ ይሰማኝ ነበርና ካትኦፉን እከፍት ነበር። ሶፍትዌሩ በየጥያቄው መሳታችሁን ይነግራችኋል፤ ልማዳችሁን የሚነግራችሁ ግን ደብተሩ ነው። ልማዱን ካወቃችሁት በኋላ በሚቀጥለው ጥያቄ ላይ «አሁን አታኩን አስረዝሜ ይሆናል» ብላችሁ ቀድማችሁ ታርሙታላችሁ።

ስታጠኑ በቀን 25 ደቂቃ ይበቃል። ጆሮ ሲደክም ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ይሆንበታል፤ ያኔ የሚሞከረው ሁሉ ግምት ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ አዲስ ትምህርት አልጨምርም ነበር፤ የሳትኳቸውን ብቻ ደግሜ እሠራ ነበር።

ከማሠልጠኛው መውጣት

ብዙ ሰው ትምህርቱን ጨርሶ ድምፅ መሥራት የማይጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማሠልጠኛው ውስጥ ያለው ሲንተሳይዘር ቀላል ነው፣ ማዞሪያዎቹ በታወቀ ቦታ ናቸው፤ ሌላ ሲንተሳይዘር ስትከፍቱ ሁሉም ነገር ቦታውን ይቀይራል። ስለዚህ ትምህርቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ። በየአምስቱ ትምህርት አንድ ጊዜ ሌላ ሲንተሳይዘር ክፈቱና የተማራችሁትን ፈልጉ። ቫይታል ነፃ እትም አለው፤ ሰርጅ ኤክስቲ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። ሁለቱም ኃይለኛ ናቸውና በማይገባችሁ ነገር አትደናገጡ። ባዶውን ፕሪሴት ከፍታችሁ የምታውቁትን ብቻ ንኩ። በ1970 የወጣው ሚኒሙግ ሦስት ኦሲሌተሮች፣ አንድ ፊልተርና ኢንቨሎፖች ነበሩት፤ ዛሬ የምትከፍቱት አብዛኛው ሲንተሳይዘር ውስጡ ያው መስመር ነው፦ ኦሲሌተር፣ ከዚያ ፊልተር፣ ከዚያ የድምፅ መጠን።

በመጀመሪያ የማሠራው ከበሮ ነው፤ የፒች ኢንቨሎፕን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም። አንድ ሳይን ውሰዱ። 49 ሄርዝ የሆነውን ዝቅተኛ ጂ ምቱ። ፒቹን የሚያንቀሳቅስ ኢንቨሎፕ ጨምሩ፤ መጠኑ 24 ሴሚቶን፣ አታክ ዜሮ፣ ዲኬይ ከ50 እስከ 80 ሚሊሴኮንድ፣ ሰስቴይን ዜሮ። ድምፁ ከ196 ሄርዝ ተነስቶ ወደ 49 ይወድቃል፤ ያ ውድቀት ነው «ዱም» የሚለው። የድምፁ መጠን ዲኬይ 350 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይሁን። የፒቹን ዲኬይ ወደ 300 ስታረዝሙት ከበሮነቱ ቀርቶ «ፒው» ይላል፤ ወደ 15 ስታሳጥሩት ጠቅታ ብቻ ይቀራል። ቫይታል ላይ ከሆናችሁ የኦሲሌተሩ ሞገድ በየምቱ ከተለያየ ቦታ ስለሚጀምር ምቶቹ አንድ አይሆኑም፤ የፌዙን (የሞገዱን መነሻ ቦታ) ዘፈቀደነት ዜሮ አድርጉት።

ቀጥሎ የሚጠቅመው የሌላ ሰው ፕሪሴት ነው። ፕሪሴቱን አጫውቱ፣ ማዞሪያዎቹን ሳታዩ ደብተሩ ላይ ጻፉት፣ ከባዶ ሥሩት፣ ከዚያ ብቻ ክፈቱና ተመልከቱ። ፕሪሴቶችን ድሮ በዚህ መልክ ተጠቅሜባቸው ቢሆን ኖሮ 11 ዓመት ሙሉ አስተማሪ አጠገቤ ነበር።

አንድ ነገር ግን ማወቅ አለባችሁ። ይህ ሁሉ በዋናነት ስለ ሰብትራክቲቭ ሲንተሲስ ነው፤ ብዙ ይዞ በፊልተር መቀነስ። ጆን ቻውኒንግ በ1967 ስታንፎርድ ላይ የደረሰበት፣ ያማሃ በ1983 ባወጣው ሲንተሳይዘር ዲኤክስ7 ዓለም የሰማው ኤፍኤም ሲንተሲስ ሌላ አስተሳሰብ ይጠይቃል። በዲኤክስ7 ስድስት ኦፕሬተሮች (ሞገድ አመንጪዎች) እና እነሱ የሚያያዙባቸው 32 አልጎሪዝሞች አሉ፤ ብሩህነት የሚመጣው ፊልተር በመክፈት ሳይሆን አንዱ ኦፕሬተር ሌላውን በምን ያህል ኃይል እንደሚያንቀጠቅጥ በመወሰን ነው። ወደዚያ ከመሄዳችሁ በፊት ኢንቨሎፕን በጆሮ መለየት ከቻላችሁ ግማሹን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

ያቺ ድምፃዊት የጠየቀችውን ዛሬ እንዲህ እሠራዋለሁ፤ ለመጀመሪያ ልምምድ ይሁናችሁ። ሁለት ሶው፣ ሁለተኛውን በ8 ሴንት (ሴንት የሴሚቶን መቶኛ ነው) ከፍ አድርጉት። ዝቅተኛውን የሚያሳልፍ ባለ 24 ዴሲቤል ፊልተር፣ ካትኦፍ 250 ሄርዝ፣ ሬዞናንስ ትንሽ። የፊልተር ኢንቨሎፕ አታኩ 2 ሴኮንድ፣ ሰስቴይኑ ሙሉ፣ መጠኑ ፊልተሩን ሦስት ኦክታቭ ተኩል ያህል ከፍቶ ወደ 2800 ሄርዝ የሚያደርስ። የድምፅ መጠን አታክ 200 ሚሊሴኮንድ ብቻ፤ ታፍኖ የሚጀምረው እንዲሰማ ድምፁ ከፊልተሩ ቀድሞ መድረስ አለበት። ሪሊዝ ሴኮንድ ተኩል። 220 ሄርዝ የሆነውን ኤ ያዙና በሩ እስኪከፈት ጠብቁ፤ ውዝዋዜው በሴኮንድ አንድ ጊዜ ገደማ ነው። ከዚያ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብላችሁ ቁጠሩት።